የሻለቃ የአናናስ ጄሊ

እህቴን በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ከረሜላ ፋብሪካ ውስጥ የድስት ክፍል ኃላፊ ሆና ስታዝ የሰሙ ሴቶች «ሻለቃ» አሏት፤ በዚያው ሻለቃ እንደሆነች ጡረታ ወጣች። እኔ ታናሽዋ ስለሆንኩ «እትዬ» ነው የምላት። ስታናድደኝ ግን እኔም ሻለቃ እላታለሁ፤ ስለዚህ አብዛኛውን ቀን ሻለቃ ናት።

ይቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ስኳር ስታፈላ ኖራ፣ ጡረታ በወጣች ማግሥት ነው በሉት፣ አንድ ክፉ ጉንፋን ያዛትና አፍንጫዋን ይዞባት ሄደ። ማሽተት የለ፣ መቅመስ የለ። ሐኪሙ «ሊመለስም፣ ላይመለስም ይችላል» አላት። «ይሄንንማ እኔም አውቀዋለሁ» ብላው ወጣች። አልተመለሰም። ምግብ ሁሉ ካርቶን ማኘክ ሆነባት፤ እኔ ብሆን ኖሮ አልቅሼ አገር አስለቅስ ነበር፣ እሷ ግን አንድ ቀን አላማረረችም።

ከዚያ ያ የሩዙ ነገር መጣ። ሩዝ ጥዳ ወንበር ላይ ጋደም ባለችበት እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ አለ። ጭሱ በመስኮት ሲወጣ ያዩ ጎረቤቶች በሩን ገንጥለው ገቡ። እሷ ደህና ናት፤ ድስቱና መጋረጃው ግን አለቀላቸው። የከባድ መኪና ሹፌር የሆነው ልጇ ወሬውን መንገድ ላይ ሰምቶ፣ ቀልቡ ተገፎ መጣ።

«እማዬ፣ በቃ» አለ። «አንቺ ማሽተት አትችዪም፤ አንድ ቀን እሳት ይበላሻል። እኔ ቤት ገብተሽ፣ ምንም ሳትነኪ ቁጭ ብለሽ ትጦሪያለሽ። ይሄ ቤት ይከራያል።»

ቁጭ ብሎ መጦር ለሌላው ሰው ምርቃት ነው። ለሻለቃ ግን እስር ቤት ነው። ወጥ ቤቷን ቀምተህ እሷን ሶፋ ላይ ማስቀመጥ ማለት ቁማ እያለች መቅበር ማለት ነው፤ ይሄን ለልጁ ስነግረው «አክስቴ፣ አታጋኚ» አለኝ። እኔን! እኔ መቼ አጋንኜ አውቃለሁ?

ከዚያ ቀን ወዲህ ሻለቃ ለራሷ ሕግ አወጣች፤ «እሳት ካለ እኔ አለሁ፤ እኔ ከሌለሁ እሳት የለም።» ምድጃው ሲለኮስ ወንበር ስባ አጠገቡ ትቀመጣለች። ስልክ ቢጮህ አታነሳም። ስትጨርስ የጋዝ ሲሊንደሩን አንገት ታጠብቃለች፣ ደግማ ትነካዋለች። አንድ ቀን በሩን ሳንኳኳ «እሳት ላይ ነኝ!» ብላ ጮኸችና ሻዩ እስኪፈላ ድረስ ውጭ አስቆመችኝ። ገና አልረሳሁላትም። ልጇ ግን ይሄን ሁሉ ሲሰማ ራሱን እየነቀነቀ ያልፋል። ብሎ ብሎ ተከራይ አገኘና ሰውዬውን ለእሁድ አመሻሽ ቀጠረው።

እንግዲህ በዚያው ሰሞን ነው የልጅ ልጆቿ ነገር የመጣው። ትልቋን «ጠበቃ» ነው የምንላት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ክርክር ካነሳች አባቷም አይችላትም። ከሷ በታች ሁለት መንትያ ወንዶች አሉ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ እናታቸው ታውቃለች። ሰኞ የጠበቃ ክፍል ድግስ አለው፤ ሁሉም ልጅ ቤት የተሠራ ነገር ይዞ ይመጣል። «የኔ አያት ጄሊ ከረሜላ ትሠራለች፣ ያውም ሲያኝኩት እንደ ላስቲክ የሚሳበውን» ብላ ለክፍሉ ሁሉ አውርታለች።

«ከሱቅ እገዛልሻለሁ» አላት አባቷ።

«ቤት የተሠራ ነው የተባለው። አያቴ እያለች ለምን እዋሻለሁ?»

ይሄኔ ሻለቃ ብድግ አለች። «ስማ» አለችው ልጇን። «እሁድ ከጠዋት ጀምረህ ልጆቹን ስጠኝ። አንድ ነገር ካቃጠልኩ፣ ወይም ጄሊው ካልሆነ፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ እከተልሃለሁ። ከሆነ ግን ሰውዬህን ከደጅ ትመልሰዋለህ።»

ልጁ እኔን አየኝ። «አክስቴ፣ አብረሻቸው ትውያለሽ? ያንቺ አፍንጫ ደህና ነው።»

«ዓይኔንም አፍንጫዬንም አልነቅልም» አልኩት። ተስማማ።

እሁድ ጠዋት ሻለቃ ሦስቱንም እጅ አስታጥባ በመስመር አቆመቻቸው። ትሪዎቹ ላይ የበቆሎ ስታርች ዱቄት ዘርግታ በማስመሪያ ደለደለችው። ፋብሪካ ውስጥ የከረሜላው ቅርጽ የሚወጣው እንዲህ ነው፤ ስታርቹ ላይ ጉድጓድ ይታተማል፣ ፈሳሹ እዚያ ይፈስሳል፣ ሲረጋ ይለቀማል። እዚያ የእንጨት ማኅተም አላቸው። እኛ ጣት አለን።

«አውራ ጣት! ንከር፣ አውጣ! ንከር፣ አውጣ!»

መንትዮቹ ወዲያው የድንበር ክርክር ጀመሩ። «ያንተ ጉድጓድ ወደ እኔ ገባ!» «አንተ ነህ የመጣህብኝ!» አንደኛው በንዴት ሲያስነጥስ ግማሽ ትሪ ስታርች ፊቴ ላይ አረፈ። ሦስቱም ሳቁብኝ፤ ሻለቃም አብራ። ዱቄት ውስጥ የገባች አይጥ መስያለሁ መሰለኝ።

ሻለቃ ያሰበችው ሎሚ ነበር። ጠበቃ ግን ከቦርሳዋ እሷን የሚያህል አናናስ አወጣች። «ሎሚ ሁሉም ቤት አለ» አለች።

«እትዬ፣ በእናትሽ የለመድሽውን ሥሪ» አልኩ።

«ፋብሪካም የአናናስ ሠርተናል» አለችኝና ቢላ አነሳች። ስኳሩን አፈላች፣ ከምን እንደሚሠራ ለልጆቹ እየነገረች ጄሊውን የሚያረጋውን የራሰ ጀላቲን አሟሟችበት፣ በረድ ሲል መዓዛው እንዳይጠፋ ብላ ጥሬውን የአናናስ ጭማቂ መጨረሻ ላይ ጨመረችው። በማንኪያ በማንኪያ ጣቶቹ በሠሩት ጉድጓድ ውስጥ አወረድነው። ትሪዎቹ ፍሪጅ ገቡ። ምሳ በላን። መንትዮቹ በየደቂቃው የፍሪጁን በር ይከፍቱ ነበር፤ ሻለቃ በማማሰያ ታስፈራራቸዋለች።

ትሪው ሲወጣ አንደኛው መንታ ጣቱን ሰደደ። «አያቴ፣ ሾርባ ነው።»

እውነትም ሾርባ። ያውም ስታርቹ ጠጥቶት ቢጫ ጭቃ ሆኗል። አንድም የረጋ የለም። ጠበቃ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እኔም ምላሴ አያርፍም፣ «ነግሬሽ ነበር!» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ!» ብላ ጮኸችብኝና ወንበሯ ላይ ዝርፍጥ አለች። ሰውነቷ ሁሉ ያነሰ መሰለኝ። ስታዝ እንጂ ስትጨነቅ አይቻት አላውቅም፤ ያቺን ቃል መልሼ በዋጥኳት ብዬ ተመኘሁ። ቀኑ እየገፋ ነው። ሰውዬው ይመጣል። ቤቷን ዙሪያውን አየችው፤ ልትሰናበተው ያለች ትመስል ነበር።

ሁለተኛው መንታ ይሄ ሁሉ ሲሆን የተረፈውን አናናስ ይበላል። «አያቴ» አለ አፉን ከፍቶ፣ «አናናሱ ምላሴን በላኝ።»

«ማን ብላ አለህ? ጥሬ አናናስ ምላስ ይበላል» አልኩት። «ጠንካራ ሥጋ እንኳ ውስጡ ቢዘፈዝፉት ያፈርሰዋል።»

ሻለቃ ቀና አለች። «ምን አልሽ?»

«ሥጋ ያፈርሳል አልኩ።»

«ጠዋት ጀላቲን ከምን ይሠራል አልኳችሁ?»

«ከከብት አጥንትና ከቆዳ!» አለች ጠበቃ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«በሉ እንግዲህ፣ ጄሊያችንን የበላው ሌባ ተያዘ፤ ሥጋ የሚያፈርስ ጀላቲንም ያፈርሳል!» ሻለቃ ጭኗን መታ አድርጋ ተነሳች። «ፋብሪካ የሚመጣልን ጭማቂ በቆርቆሮ ነበር፤ ተቀቅሎ፣ ጥርሱ ረግፎ። ይሄ ገና ጥርስ አለው። በእሳት እናረግፍለታለን! ተነሱ! አዲስ ስታርች! አውራ ጣት!»

አቤት ሩጫ! የቀረውን አናናስ ጨመቅን፤ ጭማቂው ተንተክትኮ ፈላ። መንትዮቹ «ጥርሱ ረገፈ?» እያሉ ይጠይቃሉ፣ እሷ «ገና መንጋጋው ቀርቷል» ትላለች። ከዚያ ሌላ ስኳር ተጣደ፤ እሷም ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

ይሄኔ ልጇ ከተፍ አለ። ከበሩ ጀምሮ አየሩን እያነፈነፈ ገባ። ጭቃውን ትሪ ሲያይ ፊቱ ጨፈገገ። «እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው እሳት ላይ ነው። እጅህን ታጠብ።»

እሷ ፊቷን ወደ ጠረጴዛው አዙራ ለጠበቃ የማንኪያ አያያዝ ታሳያለች፤ ድስቱ ከጀርባዋ ነው። መንትዮቹ ይንጫጫሉ፣ እኔ ለልጁ የአናናሱን ታሪክ በሰፊው እተርካለሁ። ድንገት «ዝም በሉ!» አለች። ዝም አልን። ቡልቅ ቡልቅ ይል የነበረው ስኳር ድምፁ ቀጥኗል፤ ጥጥጥ ይላል። ዞር ብላ እሳቱን አጠፋችው።

«ምን ሆነ?» አለ ልጁ።

«ታቹ ሊይዝ ነበር።»

«እኔን ምንም አልሸተተኝም።»

እውነቱን ነው። እኔም፣ ለአፍንጫዬ ሲባል ዘብ የቆምኩት፣ ምንም አልሸተተኝም። ሻለቃ የድስቱን ታች በማንኪያ ጫረችና አሳየችው። በአንድ በኩል ክር የምታህል ቀይ መስመር ልትጀምር ስትል ነው የተያዘችው።

«ስኳር መጀመሪያ ይናገራል፣ ኋላ ነው የሚሸተው» አለችው። «እስኪሸተው የሚጠብቅ ሰው ድስት ሲፈገፍግ ይውላል። ደግሞ ልንገርህ፤ ያን ቀን ሩዙን ያቃጠለው አፍንጫዬ አይደለም፣ እንቅልፌ ነው። አፍንጫ ያለውም ሲተኛ ያቃጥላል። እኔ ከዚያ ወዲህ እሳት እያለ ዓይኔን ጨፍኜ አላውቅም። አንድ ቀን መጥተህ ብታይ ኖሮ ታውቀው ነበር።»

ልጁ ድስቱን አየ፣ እናቱን አየ፣ ከዚያ ሄዶ እጁን ታጠበና አንዱን ማንኪያ ያዘ። ጭማቂውና ጀላቲኑ ሲገቡበት እሱም አብሮን ወደ ጉድጓዶቹ አወረደ። የከባድ መኪና መሪ የሚያዞር እጅ ትንሿን ማንኪያ በሁለት ጣት ቆንጥጦ ሲይዝ ሳይ ሳቄ አመለጠኝ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትሪው ወጣ። ሁላችንም ከበብነው። ሻለቃ ስታርቹን በብሩሽ ጠረግ ስታደርገው ብርቱካንማ ቢጫ የሆነ፣ የሚያብረቀርቅ አውራ ጣት ብቅ አለ። ጫን አለችው፤ ገባና ተመልሶ ወጣ። አንደኛው መንታ አንዱን ነጥቆ መሬት ላይ ወረወረው።

«ነጠረ! አያቴ፣ ነጠረ!»

«ተሰለፉ!» አለች ሻለቃ። «ጣዕሙን እኔ አላውቅም። ሪፖርት!»

ጠበቃ ዓይኗን ጨፍና አኘከች። «መጀመሪያ ይጣፍጣል። ከዛ ትንሽ ይኮመጥጣል። ከዛ አናናስ አናናስ ይልና... ሌላ ስጪኝ።» መንትዮቹ ሪፖርት አላቀረቡም፤ አፋቸው ሞልቶ ነበር። ሻለቃም አንድ አፏ ውስጥ ጨመረች። ስታኝክ ፊቷ ቀስ እያለ በራ። «ይሳባል!» አለች። «ኧረ ይሳባል! ጥርሴ ያውቀዋል!» አቤት ደስታዋ! ከታመመች ወዲህ ምግብ አፏ ውስጥ ገብቶ ደስ ሲላት ያየሁት ያን ቀን ነው።

ልጇ አንድ በላ። ሁለተኛ አነሳ። ሦስተኛውን እንደጎረሰ በሩ ተንኳኳ።

ማን እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል። ሻለቃ ብሩሹን እንደያዘች ቀረች፤ ልጇን አላየችውም፣ አልለመነችውም። እሱ ጄሊውን እንደምንም ውጦ ሄዶ በሩን ከፈተ።

«ቤቱን ለማየት ነበር» አለ ሰውዬው።

«ይቅርታ ወንድሜ፤ አይከራይም።»

«ትናንት ባዶ ይሆናል ብለኸኝ?»

«ተሳስቼ ነው። እናቴ ትኖርበታለች።»

እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት። መንትዮቹ ምን እንደተፈጠረ ሳያውቁ እየዘለሉ ጮኹ፤ ጠበቃ አያቷ ወገብ ላይ ተጠመጠመች። ምስኪኑ ሰውዬም በባዶ እጁ አልተመለሰም፤ እፍኝ ጄሊ አስያዝኩት። ልጁ በሩን ዘግቶ ሲመለስ ሻለቃ ጀርባዋን ሰጥታን ትሪ ትጠርጋለች፤ የጠረገችውን ደግማ ትጠርጋለች።

«ምን ቆመሃል?» አለችው ሳትዞር። «ድስቱን እጠብ። እዚህ ቤት የበላ ያጥባል።»

እጅጌውን ሰበሰበና ወደ ማጠቢያው ሄደ።