ስሙ ከፔጁ የወረደ ሰሞን

በዚያ ሐሙስ ብረታ ብረት ቤቱ ውስጥ የነበርነውን አንድ በአንድ ልቁጠር። ታላቅ ወንድም፣ የቤቱ ኃላፊ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ማጠፊያ ይለካል። ተቀጣሪው በያጅ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሽቦ ይለያል። ከማጀቴ ከተማ አካባቢ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ያሠሩት የግቢ በር ቀለሙ እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። ጎማ የሚጠግነው ጎረቤት ጎሚስታው ውሃ ሊጠጣ ገብቶ ደጃፉ ላይ ቀርቷል። እኔ ያንኑ በር በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። ስድስተኛው ታናሽ ወንድም ነው። እሱ ከሁላችን በኋላ ገባ፤ ሲገባም አንድ ሜትር የሚሆን የፌሮ ብረት ይዞ ነበር። የማንንም ስም አልጽፍም፤ ከሽማግሌው በቀር ሁሉም ዛሬም ሸዋ ሮቢት፣ እዚያው መንገድ ላይ ናቸው።

እኔ በጊዜው ከብረታ ብረት ቤቱ ሁለት ሱቅ ወረድ ብሎ ስልክ እጠግን ነበር። ማንም አላስተማረኝም፤ የተበላሸ ስልክ እየፈታሁ፣ የተሳሳትኩትን ደብተር ላይ እየጻፍኩ ነው የለመድኩት። ለወንድማማቾቹ ፔጅ የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ፔጁ በሁለቱም ስም ይጠራ ነበር፤ የታላቁ ስም ፊት፣ የታናሹ ኋላ። የሠሯቸውን በሮች ፎቶ እለጥፋለሁ፣ ከአጣዬም ከደብረ ሲናም ሰው አይቶ ይደውላል። የሚደውለው ሰው ግን በብዛት የሚጠይቀው ታናሹን ነበር። ብረቱን እንደ ሐረግ የሚጠመዝዘው እሱ ነው።

ከዚያ ሐሙስ ወር ተኩል በፊት የብረት መቁረጫው የግራይንደር ዲስክ ተሰብሮ የታናሹን ቀኝ ዓይን መትቶታል። ባጃጅ ላይ ስንጭነው ደሙ በጣቶቹ መሀል እየወረደ ከብረታ ብረት ቤቱ ደጃፍ እስከ አስፋልቱ ተንጠባጠበ። ያየው ሁሉ አይተርፍም ብሎ ነበር። አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኛ። ስልኩ ያን ቀን ወድቆ ስለተሰበረ በሰው ስልክ ሁለት ጊዜ ደውሎ ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

ሰኞ ጠዋት ታላቅየው ሱቄ መጣ።

«የሱን ስም ከፔጁ አውጣልኝ» አለኝ።

«ተስማምቷል?»

«በአንድ ዓይን ምን ሊበይድ ነው? እየደወሉ እሱን አገናኘን ይሉኛል። ሰለቸኝ። አንተ አውጣው፣ እኔ እነግረዋለሁ።»

ሌላ አልጠየቅኩም። የታናሹን ስም ፊደል በፊደል አጠፋሁ። ለውጡ ሲጸድቅ አንድ ማሳሰቢያ አብሮ መጣ፤ ከዛሬ ጀምሮ ለሰባት ቀን ስሙን እንደገና መቀየር አይቻልም ይላል። አነበብኩት፣ ደብተሬም ላይ ጻፍኩት።

ያላሰብኩት የአገራችን ሰው እንዴት እንደሚረዳው ነው። ያንን ደም ያየ ሰው ስሙ ወርዶ ሲያይ የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማክሰኞ አንድ ደንበኛ ከሥር «ነፍስ ይማር፤ እጁ ወርቅ ነበር» ብሎ ጻፈ። ሌሎችም ተከተሉት። እኔ ዕቃ ልገዛ ደብረ ብርሃን ነበርኩ፣ ፔጁን አልከፈትኩም፤ ታላቁ ፔጁን ራሱ ከፍቶ አያውቅም። እናታቸው በምትኖርበት የቀወት መንደር ወሬው ረቡዕ ደረሰ። ታላቁ ምንም አለማለቱን ያዩ ሰዎች መርዶውን ለእናቱ አመቻችቶ ሊነግር ደብቆ ነው ብለው ደመደሙ። እሱ ካቃተው እኛ እንርዳው ብለው ሐሙስ ገና ጎህ ሲቀድ እናትየውን መርዶ አረዷት። ታላቁን የሚጠራ ሰውም ላኩ። መልእክተኛው ብረታ ብረት ቤቱ የደረሰው ከፌሮው በኋላ ነው።

ታናሹ ረቡዕ ከሆስፒታል ወጥቶ፣ ሐሙስ ንጋት ላይ በተነሳ አውቶቡስ መጥቶ ነበር። መጀመሪያ የሄደው ወደ እናቱ ነው። ከዚያ ወደ እኛ ሲገባ ዓይኑ በነጭ ፋሻ ታሽጓል፤ ሸሚዙ ደረት ላይ ደም አለ። ደሙ የእሱ አልነበረም።

«ማን ነው የገደለኝ?» አለ።

ታላቁ ቀና ብሎ «መቼ መጣህ?» አለው።

«እናቴ ፊቷን ነጭታለች። ጎረምሶቹ የድንኳን ምሰሶ ሲተክሉ ነው የደረስኩት። አንተ ነህ ስሜን ያወረድከው?»

ይህ ልጅ ታላቁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ «ጋሼ» እና «አንቱ» እንጂ «አንተ» ብሎት አያውቅም። በያጁ ሽቦውን ያኔውኑ መሬት አስቀመጠ።

«ስምህን ምን ያደርግልሃል?» አለ ታላቁ፤ ከበርጩማው ሳይነሳ። «ደንበኛ ቢጠራህስ በየትኛው ዓይንህ ልታየው ነው?»

የመጀመሪያው ምት የታላቁ ቀኝ ክንድ ላይ አረፈ። የደረቀ የማሽላ አገዳ በጉልበት ሲሰበር ያለውን ድምፅ ሰማሁ። ሁለተኛው ትከሻው ላይ ነው። ታላቁ በግራ እጁ መዶሻ አንስቶ ፋሻው ባለበት በኩል መታው፤ ፋሻው ቀላ፤ ከዚያ አንድ መስመር ደም እስከ አገጩ ወረደ። ሁለቱም አልጮኹም። የሚሰማው ትንፋሻቸውና ብረት ብቻ ነበር። ሁለቱ ተያይዘው ከሽማግሌው ገበሬ በር ጋር ተላትመው ሲመለሱ፣ ያልደረቀው ቀይ የአንቲረስት ቀለም ላይ ደም ተረጨ፤ የቱ ቀለም የቱ ደም እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

ታናሹ መሀል ላይ ቆም አለና «በእጁ የቀየረው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

እኔ ከእሱ ሦስት እርምጃ ያህል ርቄ ስልኬን እንደያዝኩ ነበርኩ። ታላቁ ወደ እኔ አልዞረም፤ አላጋለጠኝምም። ሦስተኛው ምት ጭኑን አገኘውና ወደቀ።

ጎሚስታው ታናሹን ከኋላ አቀፈው። «ወላሂ ትገድለዋለህ! ልቀቅ፣ ልቀቅ ስልህ!» ሽማግሌው ገበሬ በሁለቱ መሀል ገቡ። «እኔን ምታ፣ ሽበቴን ምታ» አሉት። ፌሮው ያኔ ወረደ።

በያጁ ታላቁን በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደው። ከሰዓት በኋላ፣ ክንዱ ታስሮ ሲመለስ፣ እኚሁ ሽማግሌና ጎሚስታው ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጨምረው ለእርቅ ተቀመጡ። ስሙን የቀየርኩት እኔ መሆኔን ያን ጊዜ ተናገርኩ። ታናሹ በአንድ ዓይኑ ረጅም ጊዜ አየኝ።

«ነገ ጠዋት ስሙ ይመለስ» አሉ ሽማግሌው።

«አባቴ፣ እስከ ሰኞ አይቻልም።»

«ያወረድከው አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ። ግን ሰባት ቀን ሳይሞላ አይፈቀድም።»

«የማይፈቅደው ማን ነው? ጥራው፣ እሱም መጥቶ ይቀመጥ።»

ታናሹ «እስከ ሰኞ ሬሳ ነኝ ማለት ነው» አለ።

ሁለቱም ወንድሞች ዳግም ላይጣሉ የፀብ ዋስ እንዲጠሩ ተደረገ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሩ። የስሙ ዋስ አንተ ነህ አሉኝ፤ ሰኞ ካልተመለሰ ለአንተ የሚቆም ዋስ የለም። ያን ቀን ታናሹን ፎቶ አንስቼ «በሕይወት አለ» ብዬ ለጠፍኩ። ከሥሩ አንዱ «ሆስፒታል ሳለ የተነሳውን አትለጥፉ፣ እናቱ ታያለች» ብሎ መለሰልኝ።

ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ ታናሹ ከሱቄ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ፌሮው ጉልበቱ ላይ ተጋድሟል። ባጃጅ ነጂዎች ሲያዩት አንዳንዶቹ ያማትባሉ። ስልክ ስፈታ ዓይኔ ወደ እሱ እየሄደ ብሎኖች ጠፉብኝ።

ሰኞ ሁላችንም እዚያው ብረታ ብረት ቤት ተሰበሰብን። እናትየዋም መጣች። ሁለቱ ጉንጮቿ ከዓይኗ ሥር እስከ መንጋጋዋ ቅርፊት ይዘዋል። የታላቁን ጄሶ አየች፣ የታናሹን ፋሻ አየች፣ ከዚያ ስልኬን።

«ልጄን የገደለው ይኼ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ። አሁን እመልሰዋለሁ።»

«ተው። ሁለቱንም አውርዳቸው።»

ታናሹ ብድግ አለ። «እማዬ፣ ስሜ እንዲመለስ ነው እኮ ክንድ የሰበርኩት።»

«እኔም ፊቴን ነጭቼበታለሁ» አለችው። «ዛሬ ቢመልሰው ነገ ሌላ ሰው ያወርደዋል። ያኔ የምነጨው ፊት የለኝም።»

ታላቁ ወደ መሬት አየ። ታናሹ ፌሮውን እንደጨበጠ ቆየ፣ ከዚያ ሄዶ ቁርጥራጭ ብረት የሚከመርበት ጥግ ወረወረው። ወደ እኔ ሳይዞር «እንዳለችው አድርግ» አለ። «በርና መስኮት፣ ሸዋ ሮቢት» ብዬ ጻፍኩ። የሰባት ቀኑ ማሳሰቢያ እንደገና መጣ። በዚህ ጊዜ ለሁሉም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

ይህን የጻፍኩት ከደብተሬና ከራሴ ትዝታ ነው። እኔ ሦስት ምት ቆጥሬያለሁ፤ በያጁ አራት ነው ይላል። ፌሮውን ከእጁ የነጠቀው ጎሚስታው ይሁን ራሱ ይጣለው እርግጠኛ አይደለሁም። ከሁሉ በላይ ማወቅ የምፈልገው ግን አንድ ነገር ነው። «በእጁ የቀየረው ማን ነው?» ሲል አፌን የከፈትኩ ይመስለኛል፤ ድምፅ ከአፌ ይውጣ አይውጣ አላውቅም። እዚያ ከነበራችሁት አምስት ሰዎች የሰማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ያልሰማችሁም ንገሩኝ።