በአያ ደሴ ጉንጭ ላይ ያረፈው ጥላ

በቀደም ንፋስ መውጫ፣ አስፋልቱ ዳር፣ የአንድ ተመራቂ ልጅ ባነር ተሰቅሎ አየሁ። ልጁ ጋዋን ለብሶ ይስቃል፤ ትከሻው ላይ ግን የማንም ያልሆነ እጅ አርፏል። ሌላ ሰው ከፎቶው ተቆርጦ ሲወጣ እጁን ረስቶ ሄዷል። መንገደኛው ሁሉ ቀና ብሎ አይቶ ያልፋል። እኔ ብቻ የያዝኩትን ዘንቢል መሬት አስቀምጬ በንዴት ቆምኩ። ከማተም በፊት አንድ ጊዜ ዓይን ጣል ማድረግ ምን ይከብዳል? «ምን ሁነሽ ነው እቴ? ዘመድሽ ነው?» አለችኝ አንዲት ድንች ሻጭ። ዘመዴስ አልነበረም። ግን የፎቶ እንከን ሳይ ደሜ የሚፈላው ከወጣትነቴ ጀምሮ ነው።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ደብረ ታቦር ጥቂት ወር ኮምፒውተር ተምሬ፣ አርብ ገበያ ጋሽ ምናሉ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ጋሽ ምናሉ በልጅነታቸው ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ሲማሩ ቆይተው፣ ኋላ ካሜራ ይዘው የቀሩ ሰው ናቸው። ዋና ሥራችን የለቅሶ ፎቶ ነበር። የገጠር ሰው ብዙውን ጊዜ በዕድሜው አንዴ ነው ፎቶ የሚነሣው፤ ለቀበሌ መታወቂያ፣ ጋቢውን እንደለበሰ፣ ዓይኑን አፍጥጦ። ሲሞት ቤተሰቡ ያችኑ ጉርድ ፎቶ ያመጣል። እኛ እናሳድጋታለን፣ ጥቁር ኮትና ቀይ ከረባት እናለብሳታለን። ኮቱ አንድ ነው። በዚያ ዘመን በታች ጋይንት የሞተ ወንድ ሁሉ ያንን ኮት ለብሷል ብል ብዙም አላጋነንኩ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው፦ በኮምፒውተር የሚሠራ ፎቶ እንደተደራረበ ላስቲክ ነው። ከታች ሰማያዊው መደብ፣ በላዩ ፊቱ፣ ከሁሉም በላይ ኮቱ። እያንዳንዱን ሌየር እንለዋለን። አንዱን ስትነካ ሌላው አይነካም። ይባላል እንጂ!

ጥቅምት ነበር። ጭቃው ደርቆ መንገዱ ተከፍቷል፤ የገበያው ዕለት ባቄላ እሸትና ድንች የጫኑ አህዮች ከየአቅጣጫው ይጎርፋሉ። እማማ የሺ የባላቸውን የአያ ደሴን ፎቶ ሊወስዱ መጡ። አያ ደሴ የሞቱት በነሐሴ ነው። ስማዳ ያገቡት እኅታቸው ወንዝ ሞልቶባቸው ለቀብር አልደረሱም፤ ስለዚህ ተዝካሩ ለዚያ እሑድ ተቀጥሯል። በእኛ አገር አስከሬን ላይ ያላለቀሰ ዘመድ ፎቶ ተይዞለት ያለቅሳል። እኅትየው የሚያለቅሱት በዚያ ፎቶ ላይ ነው።

አትሜ ሰጠኋቸው። እማማ የሺ አዩት፣ ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው ደግመው አዩት። የአያ ደሴ ግራ ጉንጭ ላይ ግራጫ ጥላ አርፏል። ከጆሯቸው አጠገብ ደግሞ ደብዛዛ ሌላ ጆሮ።

«ፊቱ ጠቁሯል ልጄ።»

«ቀለም ነው እማማ፤ አሁን አስተካክለዋለሁ።»

«ቀለም አይደለም። ካህን ሳይደርስለት ነው የሞተ። የንስሐ አባቱም ወንዙን መሻገር አቃታቸው። ነፍሱ አላረፈችም፤ ይኸው እየነገረኝ ነው።» አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። የማተሚያውን አፍንጫ ጠረግኩ፣ አተምኩ፤ ጥላው አለ። ወረቀት ቀየርኩ፤ አለ። ጉርዷን ፎቶ እንደገና ስካን አደረግኩ፤ ጉንጯ ንጹሕ ነው፣ ሲታተም ግን አለ። ቫይረስ ነው ብዬ ማሽኑን አጥፍቼ አስነሣሁ። መሐል ላይ መብራት ሄደ፤ የጎረቤት ጄኔሬተር እስኪነሣ እንደ ዕብድ ብቻዬን አወራሁ። ጋሽ ምናሉ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ፤ አልበላም ብዬ ገፋሁት። እሳቸው ግን ሥራው የማይመለከታቸው ይመስል ድንቹን መላጥ ቀጠሉ። ይህ ከጥላው ይልቅ አናደደኝ።

በመጨረሻ ሌየሮቹን አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመርኩ። መደቡን አጠፋሁ፤ ጥላው አለ። ኮቱን ሳጠፋው ጥላው አብሮ ጠፋ! ኮት ጉንጭ ላይ ምን ይሠራል? ጠጋ ብዬ ሳየው ኮቱ አንድ ሌየር አይደለም፤ «ኮት» የሚል ስም የተሰጠው ዝግ ማኅደር ነው። ከፈትኩት። ከኮቱ ሥር ፊት አለ። ከእሱ ሥር ሌላ ፊት። ወደ ታች ብወርድ፣ ብወርድ አያልቅም። ሁሉም እንዳይታዩ በጣም ደብዝዘዋል፤ አንዱ ብቻውን አይታይም፣ ሲደራረቡ ግን የአያ ደሴ ጉንጭ ላይ ጥላ ሆኑ። የጋሽ ምናሉ አሮጌ ስክሪን አላሳየኝም፤ ወረቀቱ አጋለጠው።

«ጋሽ ምናሉ! እነዚህ እነማን ናቸው?»

«ከዚህ በፊት የሠራኋቸው ናቸው።»

«ታዲያ ለምን አልሰረዟቸውም?»

ድንቹን አስቀመጡት። «ስሙ ከመጽሐፈ ሕይወት አይደምሰስ ተብሎ የተጸለየለትን ሰው፣ እኔ በጣቴ ልደምስሰው? አልችልም። እስኪጠፋ አደበዝዘውና እተወዋለሁ።»

መጮኽ አማረኝ። ጮኽኩም። ሴትዮዋ ተዝካር አላቸው፣ ባላቸው ሲኦል የገባ መስሏቸው ቁጭ ብለዋል፣ እርስዎ ድንች ይልጣሉ አልኩ። እማማ የሺ እውነቱን እንዲያዩ ብዬም ደብዝዘው የነበሩትን ፊቶች በንዴት አጎላኋቸው። ስክሪኑንም አዞርኩላቸው። «ይዩ እማማ፤ ነፍስ አይደለም። የሰው ሥራ ነው።»

እማማ የሺ ተነሥተው መጡ። ፊቶቹን አንድ በአንድ ሲያሳልፉ ጥምጥም ካደረጉ አንድ ሽማግሌ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ቄስ አለባቸው አይደሉም?»

«ናቸው። ለእሳቸው ኮቱን አንሥቼ ካባ ነው ያለበስኳቸው» አሉ ጋሽ ምናሉ።

«የእኛ ደብር ቄስ ነበሩ፤ ከእሱ ቀድመው ያረፉ» አሉ እማማ የሺ ወደ እኔ ዞረው። ጣታቸውን ከሽማግሌው ፊት ወደ አያ ደሴ ጉንጭ ወሰዱት። ቀጥለውም፣ «ካህን ደርሶለት ነበር ለካ» አሉ፤ አለቀሱም። ፎቶውን ሊወስዱ ከመጡ ወዲህ መጀመሪያ ያለቀሱት ያኔ ነው።

የማሽን ትርፍራፊ ነው ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘጋሁት። ጣቴ መሰረዣው ላይ ነበር፤ እማማ የሺ እጄን ያዙት። «ለእኅቱ ንጹሑን አትሚላት። እነሱን ግን ተይ፤ አብረው ይሁኑ።»

መሰረዝ ሳያስፈልግ ሌየርን መሰወር ይቻላል፤ በእያንዳንዱ ጎን ትንሽ ዓይን አለች፣ ስትነካት ትዘጋለች። ጋሽ ምናሉ ይህን አያውቁም ነበር። አሳየኋቸው። ወንበሩን ስበው ተቀመጡና የሁሉንም ዓይን ራሳቸው፣ ስማቸውን እየጠሩ፣ ዘጉ። አያ ደሴ ጉንጫቸው ጠርቶ ወጣ።

ያ ፋይል ዛሬ እኔ ዘንድ ነው። ከአንድ ማሽን ወደ ሌላው ስገለብጠው ዓመታት አለፉ፤ አብረውኝ የሚሠሩት ይሥቁብኛል፣ ለምን ቦታ ያጣብባል ይላሉ። ባለፈው ክረምት ጋሽ ምናሉ ዐረፉ። ፎቷቸውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጥቁር ኮት፣ ቀይ ከረባት። ልጆቻቸው ይዘው ከሄዱ በኋላ ከቄስ አለባቸው አጠገብ አስገባኋቸውና ዓይናቸውን ዘጋሁላቸው። አሁን ፋይሉ ከብዶ ለመከፈት ይንቀረፈፋል። እኔም እየተራገምኩ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ።