ከእንግጫው ጋር የተጎነጎነ ሰርዶ

ዛሬ ጠዋት እዚህ ድሬዳዋ፣ ለበዓሉ የገዛሁትን ቄጠማ ስፈታ፣ የእርጥብ ሣሩ ሽታ ከእጄ ተነሣና ጋይንት አደረሰኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነበር፤ ጸጉሬም ገና ጋሜ ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ንፋስ መውጫ አጎቴ ዘንድ ስማር ቆይቼ፣ ወደ መንደራችን በተመለስሁበት ክረምት ማብቂያ፣ ልጃገረዶቹ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ጎንጉነው በየቤቱ ምሰሶ የሚያስሩትን እንግጫ ሊነቅሉ ወደ ረግረጉ ወረዱ። ተከተልኋቸው። ጭጋጉ እስከ ወገባቸው ውጧቸው፣ በደመና ላይ የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። እኔም ጎንበስ ብዬ እቅፍ ሙሉ ነቀልሁ።

«ኧረ እዩልኝ! ይሄማ ሰርዶ ነው!» አለች ዘፈን አውራጇ ልጅ። «ተማሪ ቤት እንግጫ አያሳዩም እንዴ? በይ የከተማዋ እመቤት፣ ማታ ቤት ለቤት ስንዘፍን አንቺ ከቤትሽ ሆነሽ ስሚን።»

ሁሉም ሣቁ። እንባዬ መጣ።

ከረግረጉ በላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው ያዩን የነበሩት መነኩሲት አክስቴ ተጣሩ፦ «ልጆች፣ የእሷንም አብራችሁ ጎንጉኑት። ደግሞ ለእግዜር ሣር ልትመርጡለት ነው?»

«እሺ፣ እማሆይ» አለች ልጅቱ አቀርቅራ። ሰርዶዬን ከእንግጫዋ ጋር ጎነጎነችው። ማታም ከኋላ ሆኜ ዘፈንሁ፤ እጄን የያዘችኝ እሷው ነበረች።

እማሆይን ነፍሳቸውን ይማርልኝ። ልጅቱ እጄን የያዘችው ወዳኝ ይሁን እሳቸውን ፈርታ፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ዛሬም ከቄጠማው ጥቂት ጎንጉኜ በሩ ላይ ሳስር፣ መዳፌ ላይ የእጇ ሙቀት ነበረ።