ሞሚና በእርሾ ስትሸወድ

ቂሊንጦ ፋብሪካዎቹ አጠገብ ዳቦ ጋግራ የምትሸጠው ሞሚና፣ ስለ እርሾ ሊያስተምራት የሚነሳ ሰው አትወድም። ከወሎ መጥታ ሃያ ሁለት ዓመት ሊጥ ስታቦካ፣ የትናንቱንም ዳቦ «አሁን ከምድጃ የወጣ ነው» እያለች ለፈረቃ ሠራተኛ ስትሸጥ ኖራለች። ስለዚህ የጤና ጣቢያዋ ሐኪም፣ የጎረቤቷ ልጅ ፌኔት፣ አፏን በባትሪ አይታ «እትዬ ሞሚና፣ እርሾ ነው» ስትላት እንደ ስድብ ቆጠረችው።

«የማን እርሾ?» አለች፣ ምላሷ ነጭ ለብሶ፣ ምራቋን መዋጥ እያቃታት።

ከባድ ጉንፋን ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ጥሏት ነበር የከረመው። ፌኔት ቀስ ብላ አስረዳቻት፦ ይሄኛው የዳቦው አይደለም፤ በብዙ ሰው አፍ ውስጥ ጨዋ ሆኖ ይኖራል። ጉንፋን ሰውነትን ሲያደክምለት ግን ይባልጋል። የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም ክኒን ከተጨመረለትማ ጭራሽ ጉሮሮ ይወርዳል።

«ሌላ የወሰዱት መድኃኒት አለ?»

«ምን መድኃኒት! ዝንጅብል ነው እንጂ።»

የአሥራ አራት ቀን መድኃኒት ተሰጣት። በሳምንቷ ክስት ብላ ተመለሰች፤ ውሃ እንኳ ሲወርድ ደረቷን ያቃጥላታል። ፌኔት አፏን እንደገና በባትሪ አይታ ፊቷን ቋጠረች፤ ያ ፊት ሞሚናን አስፈራት። እሞት ይሆን ብላ ያሰበችው ያኔ ነው።

«እትዬ ሞሚና፣ ወደ ደም ከገባ እኔም አልችለውም። በእርግጥ ሌላ አልወሰዱም?»

«አልወሰድኩም አልኩሽ እኮ!»

«እስቲ ወላሂ ይበሉ።»

ይህቺ የጎረቤት ልጅ የት እንደምትይዛት አውቃለች። ሞሚና ስለ ዳቦዋ በቀን መቶ ጊዜ ትቀጥፋለች፤ ወላሂ ብላ ግን ዋሽታ አታውቅም። ጣሪያውን አየች። ከዚያ ከጉያዋ የተጋመሰ የክኒን ማሸጊያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አንዲት ደንበኛ ከአስም መድኃኒቷ አካፍላት ነው። ሳሉን እውነትም አጥፍቶላት ነበር።

«ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» አለች አንገቷን ደፍታ። «እርሾውን ስቀልበው የከረምኩት እኔው ነኝ በያ!»

ፌኔት ማሸጊያውን አንስታ አነበበችና ተነፈሰች። «ያልኩዎት ክኒን ይሄው ነው፤ አሁን መላ አለው። አዲስ መድኃኒት አዝዝልዎታለሁ።»

«ለሰፈር እንዳትነግሪ ብቻ። ሞሚና በእርሾ ተሸወደች ከሚሉኝ ብሞት ይሻለኛል።»

«ወላሂ?»

ሞሚና ትንሽ አሰበች።

«ኧረ መድኃኒቱን አምጪው» አለች።