ሳላዳምጥ አሜን ያልኩ ዕለት

ሌላው ሰው ሲቆጣ ፊቱ ይቀላል፤ እኔ ስቆጣ ምላሴ ይረዝማል። ራያ ቆላ፣ ቆቦ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል አምስት ዓመት አዋላጅ ሆኜ ስሠራ ያልተጣላሁት ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደ ሕፃን ብቻ ነው። ምን ላድርግ፣ ሙቀቱ ነዋ! ደሴ ብርድ ላይ ያደገን ሰው እዚህ አውርዳችሁ፣ ጋውንና ሽርጥ ደራርባችሁ አልብሳችሁ ሳቅ ብትሉት ሳቁን ከየት ያመጣል? ማዋለጃ ክፍላችን ውስጥ ያለው አንድ ቬንትሌተር ነው፤ እሱም ለምታምጠዋ ሴት ነው። እኛ ነፋሱን ለመሻማት ስንል የሴትዮዋን የደም ግፊት ደጋግመን እንለካለን።

ታዲያ በየዓመቱ ዝውውር እጠይቅ ነበር። እናቴ ደሴ ብቻዋን ናት። ጉልበቷ እምቢ ካላት ቆይቷል፣ ከእኔ ሌላም ልጅ የላትም። በመጨረሻ ተፈቀደልኝ። እስከ ዓርብ ክሊራንስ ጨርሼ ካልሄድኩ ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ሰኞ ጠዋት ደውዬ "መጣሁልሽ!" ስላት እልልታዋ ጆሮዬን አደነቆረው።

ክሊራንስ ማለት አንዲት ወረቀት ይዞ በየክፍሉ እየዞሩ "ይቺ ሰው የኛን ንብረት አልያዘችም" ብለው እንዲፈርሙ መለመን ነው። አምስት ዓመት ሙሉ "መቼ ነው የምትገላግዪን?" ሲሉኝ የኖሩ ሰዎች በአንድ ጀምበር እስክሪብቶ ጠፋባቸው። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ "አንድ መቀስ ጎድሎብሻል" አለኝ። ፈልጌ አመጣሁለት። አገላብጦ አየና "ይሄ እንኳ የኛን አይመስልም" ብሎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። ፋርማሲስቱ ገና ሲያየኝ "ለቅሶ አለብኝ" ብሎ ወጣ፤ ሻይ ቤት ተቀምጦ አገኘሁት። እየተጨቃጨቅኩም እየተሳደብኩም ማክሰኞ ቢሮ ሳይዘጋ ሁሉንም አስፈረምኩ። የቀረኝ ልብስ ማጠቢያው ብቻ ነበር።

ልብስ አጣቢያችን ለጡረታ የተቃረቡ፣ የጎረቤታችን የዋጃ ከተማ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ማጠቢያ ማሽኑ ከቆመ ወዲህ የወላድ አንሶላ የሚያጥቡት በእጃቸው ነው። ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ተረኛ ከተረኛ ሲቀባበል ግቢው ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር እንሰበሰባለን። ድሮ የሠራተኛ ስብሰባ ተብሎ ስንነጫነጭ ነበር የምናረፍደው። አንድ ቀን እማማ ሰለቻቸውና ተነሥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው መረቁን። ከዚያ ወዲህ ቅሬታው አጠረ፣ ምርቃቱ ረዘመ። ክርስቲያኑም እስላሙም እጁን ዘርግቶ አሜን ይላል። ወሎ ላይ ምርቃት ሲወርድ ይሄ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ያን ረቡዕ ወረቀቴን ብብቴ ሥር ይዤ ቆምኩ። ልቤ ደሴ ገብቶ አልጋዬን የት እንደማደርገው ያስባል። እማማ ጀመሩ።

"የታመመውን ያሽርልን!"

"አሜን!"

"ያማጠችውን በሰላም ይገላግልልን!"

"አሜን!"

"ውሃውን ከቧንቧው አያጥፋብን!"

"አሜን!" ይቺኛዋ ግቢውን አናጋችው።

"ይቺን አዋላጃችንን ከመሀላችን አያውጣብን!"

"አሜን!"

ለካ አሜን ያልኩት ብቻዬን ነኝ። ሌላው ሁሉ አፉን ይዞ እኔን ያያል። ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ የሚሉት ይሄ ነው! ከዚያ ሳቁ ፈነዳ፤ ሁለት አዳዲስ አዋላጆች እንዳይወድቁ ተደጋገፉ።

"ይሄ አይቆጠርም! ሳላዳምጥ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ልጄ" አሉ እማማ። "እኔ ማንንም አላስገደድኩ። ወረቀትሽን አምጪው፣ እፈርማለሁ። አሜንሽን ግን ለማን ታስረክቢዋለሽ?"

ተናድጄ ጥያቸው ሄድኩ። ባዶው ማዋለጃ ክፍል ገብቼ ቬንትሌተሩ ፊት ተገተርኩ። ያናደደኝ ቀልዳቸው መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ያ አሜን ሲወጣ ደስ ብሎኝ ነበር! ሳመናጭቃቸው የኖርኩ ሰዎች እንዳልሄድባቸው ይመኛሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። እኔም እንደምወዳቸው ያኔ ገባኝና አለቀስኩ። እናቴን ግን ምን ልበላት?

ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ እማማ ነው።

"ሴትዮዋ ትልቅ ሰው ናቸው?"

"ካንቺ ይበልጣሉ።"

"የትልቅ ሰው ምርቃት አይገፋም" አለች። "እኔ ግን አሜን አላልኩም!" ብላ ዘጋችው።

ሐሙስ ከሰዓት ምርኩዟን ይዛ ቆቦ መናኸሪያ ወረደች። ቤት ልውሰድሽ ብላት እምቢ አለች፤ በባጃጅ በቀጥታ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄድን። ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ "ልጄን ይልቀቁልኝ ብዬ ነው የመጣሁት" አለቻቸው። ወሎዬ ሰላምታ ካቋረጠ ነገሩ ከባድ ነው።

እማማ እጃቸውን ከአረፋው አውጥተው ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ። "አብሽሪ እህቴ፣ እናት ትቀድማለች" ብለው ወረቀቱን ተቀብለው ፈረሙ። እኔ ማንንም ማየት አቃተኝ። ከዚያ "እንግዳ ሳይመረቅ አይሸኝም" አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

እናቴ ሞኝ አይደለችም፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"ጉልበትሽን ያጽናልሽ!"

ዝም።

"ዕድሜሽን ያርዝምልሽ!"

ዝም። ዓይኗ ግን ውሃ ሞላ።

"ከልጅሽ ጋር ባንድ ጣሪያ ያኑርሽ!"

"አሜን!" አለች እናቴ። ነጠላው ከአፏ ወደቀ። "አሜን፣ አሜን፣ አሜን!"

ሦስታችንም ቆመን ተላቀስን፤ ወዲያው ደግሞ ሳቅን። እናቴ አጥሩ ላይ የተሰጣውን አንሶላ ሁሉ በዓይኗ ዳሰሰችና ወደ እማማ የተላጠ እጅ መለስ አለች። የተፈረመውን ወረቀት ከእጄ ወስዳ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"የኔ አሜን ደሴ ነው ወይስ ቆቦ ብሎ አልጠየቀም" አለችኝ። "በይ፣ ጣሪያሽ የት ነው? ውሰጂኝ፣ ሙቀቱ ገደለኝ።"