ሲፈን ከአራተኛ ፎቅ እስክትወርድ

ሕፃን መቀመጥ ሲለምድ ወደ ፊት ይደፋል፣ ወይ ወደ ኋላ ይገለበጣል። የልጅ ልጄ ሲፈን የምትወድቀው ወደ ጎን ነበር። በግራዋ ትራስ ስናደርግላት በቀኝ ትወድቃለች፤ በቀኟ ስናደርግላት በግራ። ዓመት አልፏት እንኳ ብቻዋን መቀመጥ አልቻለችም። ኩባያ ልትይዝ ስትል እጇ እየተንቀጠቀጠ ኩባያውን አልፎ ይሄዳል፤ ውሃው ደረቷ ላይ ያልቃል። እናቷ ጫልቱ፣ የኔ ልጅ ማለት ነው፣ "አባዬ፣ ይህቺ ልጅ ደህና አይደለችም" ስትለኝ፣ "አንቺም ዘግይተሽ ነው የሄድሽው" ብዬ ዘጋኋት። እውነቴን ነው፣ ዘግይታ ነበር። እንደዚህ ግን አልነበረችም።

እኔ ጋሪ ነጂ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ የሕክምናውን ስም ሐኪሞቹ እንደጠሩት አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ እናንተም ሐኪም ቤት ስትሄዱ የምትሰሙት ያንኑ ነው።

ጸበል ወሰድናት፤ ሐኪም ቤትም ወሰድናት። አንዱ ሌላውን አልከለከለንም። ኤምአርአይ ተነሳች። ዶክተሯ ፎቶውን ይዛ አስቀመጠችንና፣ "ሴሬብራል ፓልሲ ነው፤ የሷ ዓይነቱ አታክሲያ ይባላል" አለችን። ከማጅራት ከፍ ብሎ ሴሬቤለም የሚሉት ትንሹ አንጎል አለ። የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቀው እሱ ነው፤ እሱ ተጎድቷል።

"ይድናል?" አልኳት።

"ጉዳቱ አይጠፋም። አይጨምርምም። የልጅ አንጎል ግን ይማራል" አለችኝ።

ፊዚዮቴራፒ ጀመርን። የምታሠራት ሀናን የምትባል ልጅ ናት፤ ሳቂታ ናት፣ በሥራዋ ላይ ግን ቀልድ የላትም። ሲፈን አራት ዓመት ሲሞላት ሰው እጇን ከያዛት መራመድ ቻለች። ካልያዛት እንደ ሰከረ ሰው እግሯን አንፈራጣ ሁለት እርምጃ ትሄድና ትወድቃለች።

የምንኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። ጫልቱ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። ስለዚህ የማወርዳትም የማወጣትም እኔ ነበርኩ፣ በጀርባዬ አዝዬ። ከታች ሱቅ ያለው ከድር ባየኝ ቁጥር፣ "ጋሼ ቱሉ፣ ጋሪውን ትተው ፈረሱን ሆኑ?" ይለኛል።

"አንተን ከምሸከም እሷን ብሸከም ይሻለኛል" እለዋለሁ።

እንስቃለን። እኔ ግን በልቤ ሌላ ነበር የማስበው። የኔ ጉልበት እያረጀ ነው፤ ልጅቷ እየከበደች ነው። እኔ የሌለሁ ቀን ማን ያወርዳታል? ትምህርት ቤቱም፣ ጓደኛውም፣ ሱቁም ያለው ታች ነው።

አንድ ቀን ሀናን፣ "አባባ፣ ከልምምዱ ጋር የምንጨምረው አዲስ ነገር መጥቷል፤ ቲዲሲኤስ ይባላል። ቀዶ ጥገና የለውም፣ መርፌ የለውም። ከጭንቅላቷ ውጪ ሆኖ በጣም ደካማ ኤሌክትሪክ ነው የምንሰጣት" አለችኝ።

ኤሌክትሪክ ስትል ተነሳሁ። ፈረሴን ዳማን የገደለው ኤሌክትሪክ ነው። ዝናብ ጥሎ ነበር፤ የተበጠሰ ሽቦ ረገጠና ድምፅ ሳያሰማ ወደቀ። ጋሪው ላይ ሆኜ አየሁት። "ፈረስ የገደለ ነገር የልጅ ራስ ላይ አላስደርግም" ብዬ ሲፈንን አዝዬ ወጣሁ። ጫልቱ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ግትር ነህ አለችኝ። ነኝም።

ከዚያ ክረምት ገባ።

ደረጃው እርጥብ ነበር። ሲፈን ጀርባዬ ላይ ናት። ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ ጉልበቴ ከዳኝ። በጎኔ ወደቅሁ። እሷ ተወርውራ ግድግዳውን መታች። ግንባሯ ተሰነጠቀ። ደም አየሁ። አላለቀሰችም። የፈራሁት እሱን ነው። ከድር ሮጦ መጥቶ አነሳት። ያኔ አለቀሰች። ተመስገን አልኩ።

ግንባሯ ተሰፋ። ቁስሏ እስኪድን ጠበቅን፤ ጭንቅላቷንም ደግመው አዩት። ከዚያ ራሴ ዶክተሯ ጋ ሄድኩና፣ "ያን ማሽን አምጪው" አልኳት። "ግን መጀመሪያ በኔ ይሞከር።"

ዶክተሯ ሀናንን አየቻት። ሀናንም፣ "ራስዎ ላይ አላደርግም አባባ። ክንድዎን ይስጡኝ" አለችኝ።

ማሽኑ ግድግዳ ላይ አልተሰካም፤ በባትሪ ነው የሚሠራው። በጨው ውሃ የራሱ ሁለት ስፖንጆች ክንዴ ላይ አሰረች። ጉንዳን የሄደብኝ መሰለኝ። ትንሽ አሳከከኝና ተወኝ።

"መቼ ነው የምትጀምሪው?" አልኳት።

"እየጨረስኩ ነው" አለችኝ።

ከዚያ ዶክተሯ ወንበሯን ወደኔ አስጠግታ፣ "እንዳልዋሽዎት" አለች። "ይህ ማሽን ብቻውን ልጅ አያስኬድም። ልምምዱ ቶሎ እንዲገባት ሊያግዝ ይችላል ብለን ነው። ገና እየተጠና ያለ ነገር ነው። ምንም ያልለወጠላቸው ልጆችም አሉ።" ሲፈን የሚጥል በሽታ እንዳለባት፣ ራሷ ውስጥ ብረት እንዳለ አጥብቃ ጠየቀችን። ሁለቱም የለም። እኔን ያሳመነኝ ይህ ንግግሯ ነው። ሁሉን ያድናል ብትለኝ ኖሮ ሁለተኛ አዝዬ እወጣ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሳሪስ አቦ ወርደን፣ ሌላ ታክሲ ይዘን ደረስን። ሀናን አንዱን ስፖንጅ ከሲፈን ማጅራት ከፍ አድርጋ፣ ሌላውን ትከሻዋ ላይ አሰረች። ማሽኑን ከፈተችው። ጮኸባት። አጠፋችው፣ ስፖንጁን እንደገና አራሰችው፣ ከፈተችው። ጮኸ። ገመዱን ቀየረች። ጮኸ። እኔ በልቤ፣ ልጅቷን አልቀበልም አለ ማለት ነው አልኩ።

ሀናን የሲፈንን ፀጉር ገለጥ አድርጋ በጣቷ ነካችው። ጣቷን አሸተተች።

"ቅቤ ነው?"

ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

"አባባ ነው የቀባኝ" አለች ሲፈን። "ለሀናን እንዳትነግሪያት ብሎኛል።"

ኤሌክትሪኩ አናቷን እንዳያደርቀው ብዬ ነው። ለጋ ቅቤ ነበር፣ እስከ ሥሩ ነው ያጠገብኩት። ሀናን ወንበሩን ደግፋ ሳቀች። "ቅቤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም አባባ። ለኛ ወጥ ቢያመጡልን ደግ ነበር።" ሹሩባዋን ፈታን። በሳሙና አጠብናት፣ ደግመን አጠብናት፣ አልለቅ አለ። ተራው የሌላ ልጅ ሆነና ተመለስን። ማታ ጫልቱ ሌላ ሳሙና ይዛ ስታጥባት እኔን ቀና ብላ አላየችኝም።

በማግስቱ ማሽኑ አልጮኸም።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፣ ግን ደስ ይላል። ማሽኑ የሚቆየው ሃያ ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ ሲፈን በዚያ ጊዜ አትቀመጥም፤ ለስላሳ ፍራሽ ላይ ቆማ ኳስ ትቀበላለች፣ በአንድ እግሯ ለመቆም ትሞክራለች፣ ዝቅተኛ ሳጥን ላይ ትወጣለች ትወርዳለች። ገና ዘንበል ስትል እጄ ሳላስበው ይዘረጋል። ሀናን፣ "አባባ፣ እርስዎ ከያዟት አንጎሏ ምን ይሥራ? እጅዎን ወደ ኋላ" ትለኛለች። ዱላዬን ከጀርባዬ በሁለት እጄ ጨብጬ መቆም ተማርኩ፤ ከሷ ትምህርት የኔ ሳይከብድ አይቀርም። ማጅራቷ አንዳንዴ ይቀላል፣ ያሳክካታል፣ ቤት ሳንደርስ ይጠፋል። ሌላ ጉዳት አላየሁም።

የማሽኑ ጊዜ ሲያልቅ ልምምዱ አላለቀም። ጫልቱ ከሥራ ስትገባ፣ እኔም ቀን ቀን፣ መጀመሪያ የመጨረሻዋን አንዲት ደረጃ፣ ከዚያ ሁለቱን፣ ከዚያ እስከ አንደኛ ፎቅ፣ የደረጃውን መደገፊያ ብረት አስይዘን አለማመድናት። ለውጡን መጀመሪያ ያየሁት ደረጃ ላይ አይደለም። ሲፈን ውሃ ጠጥታ ኩባያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፤ ደረቷ ደረቅ ነበር። ሸሚዟን በእጄ ዳስሼ አረጋገጥኩ። ማሽኑ ይሁን ልምምዱ፣ ወይ ሁለቱ አንድ ላይ፣ ለይቼ አልናገርም። ዶክተሯም አልለየችልኝም። ዛሬም ስትሮጥ ትወድቃለች፣ እርሳስ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል።

ነገር ግን አንድ ጠዋት በረንዳ ላይ ቆሜ ጫማዬን ስፈልግ የሲፈን ድምፅ ከታች መጣ። ከከድር ማስቲካ ትጠይቃለች። ብረቱን ይዛ፣ እየተቀመጠች እየተነሳች፣ ከአራተኛ ፎቅ ብቻዋን ወርዳለች። ከድር ቀና ብሎ አየኝ።

"ጋሼ ቱሉ፣ ፈረሱ ጡረታ ወጣ?"

"ጋሪው ጥሎት ሄደ" አልኩት። ጫማዬን ሳላገኝ በባዶ እግሬ ወረድኩ።

ዶክተሯን፣ ሀናንን፣ ግትርነቴን የቻለችውን ልጄን እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከድርንም፣ አፉ ነው እንጂ ልቡ ጥሩ ነው። እናንተ እንደኛ ልጅ ያላችሁ፣ ስትፈሩ ጠይቁ፤ እንደኔ አዝላችሁ አትውጡ። ይህን ማሽን ከሐኪም ውጪ ማንም ቤት ውስጥ እንዲሞክርባችሁ አትፍቀዱ። የሚጥል በሽታ ካለ አትደብቁ። ሙሉ በሙሉ ያድናል የሚላችሁን አትመኑ። ልምምዱን አታቋርጡ፣ እጃችሁንም ወደ ኋላ አድርጉ። በሕክምናው ሰሞን ፀጉሩ ንጹሕ ይሁን።

ሲፈን የወረደች ዕለት ለሀናን ደውዬ፣ አሁንስ ይቻላል ወይ አልኳት። "አሁን ይቀቧት" አለችኝ። ለጋ ቅቤ አምጥቼ፣ ልጅቷን ከፊቴ አስቀምጬ አናቷን ቀብቼ መረቅኋት።

"አባባ፣ ይሄንንስ ለሀናን ልንገራት?" አለችኝ።

"ንገሪያት" አልኳት።