የተሸነፈ ያውራ

ገና የስድስተኛ ክፍል ልጅ ሳለሁ፣ ቦንጋ ላይ ዝናቡ ሲጠና መብራት ይጠፋ ነበር። ቼዝ የምንማረው ልጆች ግን ደስ ይለን ነበር፤ ያኔ አሠልጣኛችን እትዬ ወይንሸት ሰሌዳውን ትተው ከሰል ያቀጣጥሉና፣ በፍሙ ብርሃን በቆሎ እየጠበሱ ወሬ ይጀምሩልናል። የሚያወሩት በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሄደው የተወዳደሩትን ነው፤ ያውም ሁሌ የተሸነፉበትን። «እትዬ፣ አሸንፈው አያውቁም እንዴ?» ብላቸው፣ «ውይ አንቺ! ያሸነፍኩትንማ ዋንጫውን ጠይቂው» ብለው ሳቁብኝ።

የቤታቸው ሕግም ይኸው ነበር፤ ውድድር ላይ የተሸነፈ ልጅ ፍሙ አጠገብ ተቀምጦ ጨዋታውን ከነስሕተቱ ያወራል፣ ሌላው ዝም ብሎ ይሰማል።

የዞኑ ቡድን የሚመረጥበት ውድድር ሲደርስ፣ መመረጥን ከምንም በላይ እፈልግ ነበር። የመጨረሻዋ ተጋጣሚዬ ከቢታ ገነት የመጣች፣ የወንድሟን ሰፊ ሹራብ የለበሰች ዝምተኛ ልጅ ነበረች። አሸነፈችኝ፤ እሷ ተመረጠች።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ተራዬ ደረሰ። «እያሳለች ሐሳቤን በተነችብኝ» አልኩ። ልጆቹ አዘኑልኝ። እትዬ ወይንሸት ግን ጨዋታውን ከኋላዬ ቆመው አይተውታል፤ ልጅቷ አንዴም እንዳላሳለች ያውቃሉ። አሁን አዋረዱኝ ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። እሳቸው በቆሎውን አገላብጠው ወሬ ጀመሩ።

«እኔም አንዴ ተሸንፌ ስመለስ አሞኝ ነው አልኩ። እግዜር ይማርሽ አሉኝ፣ ሾርባ ሁሉ ሠሩልኝ። በዓመቱ ሄጄ በዚያችው ስሕተት፣ በዚያችው ሴትዮ ተሸነፍኩ። ምን ላድርግ? ስሕተቴን ለማንም አልነገርኩም፣ ራሴም ረስቼው ነበር።»

«አላሳለችም» አልኩ። «ሹራቧን አይቼ ናቅኳት። ባላገር ናት፣ ቶሎ እጨርሳታለሁ ብዬ፣ ሳላስብ ንግሥቴን አስበላሁ።» እያለቀስኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራሁት።

«እሰይ! አሁን ገና ጨዋታውን ነገርሽን» አሉና ቀድሞ የበሰለውን በቆሎ ሰጡኝ።

ዛሬ እኔም እዚሁ ቦንጋ ልጆች አሠለጥናለሁ። ሲሸነፉ ያወሩልኛል፤ የሚዋሽም አለ፣ እታገሠዋለሁ። ያቺን ልጅ ከዚያ ወዲህ አላገኘኋትም፤ ይቅርታ ሳልጠይቃት መቅረቴ ይቆጨኛል። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። አዲስ ልጅ በሬን አንኳኩቶ ሲገባ፣ ዓይኔ ዛሬም ቀድሞ የሚያርፈው ልብሱ ላይ ነው። ይህችን ለልጆቹ ገና አላወራሁላቸውም።